በቴክስት የሚላክ ፎቶ አልሄድ ወይም አልከፈት ሲል፦ የኤምኤምኤስ አሠራርና ማስተካከያ

«ስልኬ ይደውላል፣ ቴክስት ይልካል፣ ኢንተርኔቱም ይሠራል፤ በቴክስት የሚላክልኝ ፎቶ ግን እየዞረ ይቀራል።» አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶችና ወዳጆች አዲስ ስልክ በገዙ ወይም የስልክ ኩባንያ በቀየሩ ቁጥር ይህንኑ ጥያቄ ስለሚያቀርቡልኝ፣ መልሱን በቅደም ተከተል እዚህ ጽፌዋለሁ። መመሪያው የአሜሪካ ሲም ካርድ ወይም ኢሲም (ካርድ የሌለው፣ በስልኩ ውስጥ ያለ ሲም) ለሚጠቀሙ ሰዎች የተዘጋጀ ነው፤ በዚያ አገር የልጆች ትምህርት ቤት፣ የጥርስ ሐኪም፣ የቤት አከራይና የእድር ጸሐፊ ሳይቀሩ ፎቶና የግሩፕ መልእክት የሚልኩት በቴክስት ነውና።

ብዙ ሰው ችግሩ ሲገጥመው ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ እያጠፋ ያበራል፤ ሲመሽም ደህና የነበረውን አበላሽቶ ያድራል። በቴክስት የሚላክ ፎቶ ሦስት እርከኖችን አልፎ ነው የሚደርሰው። የተበላሸው እርከን የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ምንም ዓይነት ሴቲንግ እንዳይነኩ አደራ እላለሁ።

ፎቶው የሚሄድበት መንገድ

ተራ የጽሑፍ መልእክት ኤስኤምኤስ ሲባል፣ ፎቶ፣ ድምፅ ወይም ቪዲዮ የያዘው ደግሞ ኤምኤምኤስ ይባላል። ሁለቱ በአንድ አፕ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚታዩ መንገዳቸው አንድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ኤስኤምኤስ የሚጓዘው ከኢንተርኔት ጋር በማይገናኝ መንገድ ስለሆነ ዳታ ቢዘጋም ይሠራል። ኤምኤምኤስ ግን ዳታ ይፈልጋል።

በመጀመሪያው እርከን የላኪው ስልክ ፎቶውን፣ ጽሑፉንና የተቀባዩን ቁጥር በአንድ ጠቅልሎ፣ ኤምኤምኤስሲ ወደሚባለው የስልክ ኩባንያው ሰርቨር በሞባይል ዳታ ይጭናል። በሁለተኛው እርከን፣ ተቀባዩ የሌላ ኩባንያ ደንበኛ ከሆነ፣ የላኪው ሰርቨር ጥቅሉን ለተቀባዩ ኩባንያ ሰርቨር ያስተላልፋል። በሦስተኛው እርከን የተቀባዩ ሰርቨር ፎቶውን ራሱን አይልክም፤ በኤስኤምኤስ መንገድ አንድ አነስተኛ ማሳወቂያ ብቻ ይልካል። ማሳወቂያው እንደ ተራ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ አይነበብም፤ በውስጡ ግን የላኪው ቁጥር፣ የጥቅሉ መጠን፣ ሰርቨሩ ላይ የሚቆይበት ጊዜና ጥቅሉ የተቀመጠበት አድራሻ ይገኛሉ። ስልክዎ በዚያ አድራሻ መሠረት በራሱ ሞባይል ዳታ ሄዶ ፎቶውን ያወርዳል፤ መረከቡንም ለሰርቨሩ ያሳውቃል። ጥቅል ሲመጣልዎ ፖስታ ቤቱ በሳጥንዎ ውስጥ ወረቀት አስቀምጦ ሄደው እንዲረከቡ እንደሚያደርገው ማለት ነው፤ ወረቀቱ መድረሱ ዕቃው እጅዎ ገባ ማለት አይደለም።

ቴክስት እየገባ ፎቶው የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ማሳወቂያው በአንዱ መንገድ ደርሷል፤ ፎቶው የሚወርድበት ሌላው መንገድ ግን ተዘግቷል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በስልክዎ ውስጥ የሚሠራ ሲም ወይም ኢሲም፤ ፕላኑ ቴክስትንም ሞባይል ዳታንም የሚያካትት መሆን አለበት። ለታብሌት የሚሸጠው የዳታ ብቻ ሲም አብዛኛውን ጊዜ ለኤምኤምኤስ አይሆንም።
- ከኩባንያ ቁልፍ የተፈታ፣ ማለትም በሌላ ኩባንያ ሲምም የሚሠራ ስልክ። በአሜሪካ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 የ3ጂ ኔትወርካቸውን ስለዘጉ፣ ስልኩ በ4ጂ መደወል የሚችል መሆኑንም ያረጋግጡ።
- የኩባንያዎ የኤፒኤን ዝርዝር (ስልኩ ወደ ዳታ የሚገባበትን በር የሚነግረው ሴቲንግ)፣ ከራሱ ከኩባንያው ገጽ የተወሰደ።
- ለሙከራ የሚተባበሩ ሁለት ሰዎች፦ አንዱ የእርስዎ ኩባንያ ደንበኛ፣ ሌላው የሌላ ኩባንያ ደንበኛ።
- ከ300 ኪሎባይት ያነሰ አንድ ፎቶ። የስክሪን ፎቶ ተቆርጦ ሲያንስ ለዚህ ይበቃል።
- ወረቀትና እስክሪብቶ፤ የነበረውን ሴቲንግ ሳይቀይሩ በፊት ለመመዝገብ።

ደረጃ 1፦ የተበላሸውን እርከን ይለዩ

ሁለቱ ተባባሪዎች በየተራ ፎቶ እንዲልኩልዎ ያድርጉ፤ እርስዎም ለሁለቱም ይላኩ። ከዚያ ያዩትን ምልክት ከሚከተሉት ጋር ያስተያዩ።

እርስዎ የላኩት ፎቶ አጠገብ ቀይ ምልክት ወጥቶ «አልተላከም» ካለ፣ ጥቅሉ ከስልክዎ አልወጣም። የተበላሸው የመጀመሪያው እርከን ስለሆነ ከደረጃ 3 እስከ 5 ያለውን ይከተሉ።

የተላከልዎ ፎቶ በሚኖርበት ቦታ «ዳውንሎድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ባዶ ሳጥን ከታየ፣ ማሳወቂያው ደርሷል ማለት ነው። ይህ ከሚመስለው ይልቅ መልካም ዜና ነው፤ ቁጥርዎ በትክክል ተመዝግቧል፣ ላኪው የሌላ ኩባንያ ደንበኛ ከሆነም በኩባንያዎቹ መካከል ያለው መስመር ይሠራል፤ የቀረው የእርስዎ ስልክ ፎቶውን የሚያወርድበት ዳታ ብቻ ነው። ይህም ከደረጃ 3 እስከ 5 ባለው ይስተካከላል።

የእርስዎ ኩባንያ ደንበኛ የላከው ፎቶ ገብቶ የሌላው ኩባንያ ደንበኛ የላከው ግን ምልክቱም ካልታየ፣ ችግሩ ያለው ሁለተኛው እርከን ላይ ነው። ይህ በብዛት የሚያጋጥመው ነባር ቁጥርን ወደ አዲስ ኩባንያ ካዛወሩ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው፤ ሌሎቹ ኩባንያዎች ቁጥሩ አሁንም የቀድሞው ኩባንያ ነው ብለው ፎቶውን ወደዚያ ይልካሉ። ስልክዎ ላይ ምንም ቢቀይሩ ይህን አያስተካክለውም፤ በቀጥታ ወደ ደረጃ 9 ይለፉ።

ፎቶው ቀርቶ በምትኩ የድረ ገጽ ሊንክ ያለበት ተራ ቴክስት ከመጣ፣ ሰርቨሩ ስልክዎን ኤምኤምኤስ የማይቀበል ስልክ አድርጎ መዝግቦታል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህም ለኩባንያው የሚነገር ጉዳይ ነው፤ ሊንኩን ከመጫንዎ በፊት ግን ከታች ያለውን ማስጠንቀቂያ ያንብቡ።

«ጊዜው አልፏል» ወይም «አይገኝም» የሚል ከታየ፣ ፎቶው ከሰርቨሩ ተሰርዟል። ያንን ፎቶ መልሶ ማግኘት ስለማይቻል ላኪው ደግሞ እንዲልክልዎ ይጠይቁ።

ደረጃ 2፦ መልእክቱ በእርግጥ ኤምኤምኤስ መሆኑን ያረጋግጡ

ከአይፎን ወደ አይፎን የሚላክ ፎቶ በአብዛኛው የአፕል የራሱ የመልእክት አሠራር በሆነው በአይሜሴጅ ነው የሚሄደው፤ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፣ በዋይፋይም ይሠራል። በአንድሮይድ ስልኮች መካከል፣ ከአይኦኤስ 18 ወዲህ ደግሞ በአይፎንና በአንድሮይድ መካከልም፣ አርሲኤስ የሚባለው አዲስ አሠራር ሊሠራ ይችላል። እነዚህ ሁለቱ በኤምኤምኤስሲ በኩል አያልፉምና የዚህ መመሪያ ደረጃዎች አይመለከቷቸውም። ሁለቱም ሳይሠሩ ሲቀሩ ግን ስልኩ ወደ ኤምኤምኤስ ይመለሳል። «ለአንዱ ይሄዳል፣ ለሌላው አይሄድም» የሚለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ መነሻው ይኸው ነው።

በተቃራኒው፣ ፎቶ የሌለበት መልእክትም ኤምኤምኤስ ሊሆን ይችላል። ለብዙ ሰው በአንድ ክር የሚላክ የግሩፕ ጽሑፍ ኤምኤምኤስ ነው፤ ርእስ የተጻፈበት መልእክትም እንዲሁ። እኛን በተለይ የሚመለከተን ሦስተኛው ጉዳይ ግን የአማርኛ ጽሑፍ ርዝመት ነው።

አንድ ኤስኤምኤስ በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ምልክት ሲይዝ በግእዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራሉ። ጽሑፉ ከዚያ ሲበልጥ እያንዳንዱ 67 ምልክት በሚይዙ ክፍሎች ይከፈላል። ለምሳሌ «እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ፤ በዓሉ የሰላም፣ የጤናና የፍቅር ይሁንላችሁ» የሚለው 56 ምልክት ስለሆነ በአንድ ይሄዳል። «ልጆቹም ሰላም ይሏችኋል» ብለው ሲጨምሩበት ከ70 አልፎ ሁለት ይሆናል። ክፍሎቹ የተወሰነ ቁጥር ሲያልፉ ብዙ ስልኮች ምንም ሳይናገሩ መልእክቱን ወደ ኤምኤምኤስ ይለውጡታል፤ ቁጥሩ በስልኩና በኩባንያው ይወሰናል። ዳታ ዘግተው የሚኖሩ አንዲት እናት አጭር ቴክስት እየሄደላቸው ረጅሙ የበዓል ምኞት የሚቀርባቸው ስልካቸው ተበላሽቶ አይደለም። ጽሑፉን ከፍሎ መላክ ወይም ለዚያ ጊዜ ዳታ መክፈት ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ሞባይል ዳታ ይክፈቱ፣ ዋይፋይና ቪፒኤን ለጊዜው ይዝጉ

ሞባይል ዳታ መከፈቱን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ዋይፋይን አጥፍተው ማንኛውንም ድረ ገጽ ይክፈቱ። ገጹ ካልተከፈተ ችግርዎ የኤምኤምኤስ ሳይሆን የዳታ ነውና መጀመሪያ እርሱን ያስተካክሉ። ዋይፋይን የምናጠፋው ለምርመራ ብቻ ነው፤ ዋይፋይ በርቶ ሳለ ድረ ገጽ ሲከፈት ሞባይል ዳታም የሚሠራ ይመስላልና እንዳንሳሳት ነው።

በዋይፋይ ኤምኤምኤስ የሚያስተላልፉ ኩባንያዎች አሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። የብዙዎቹ ሰርቨር የሚከፈተው ከኩባንያው የሞባይል ኔትወርክ ውስጥ ለሚመጣ ስልክ ብቻ ነው። ቪፒኤን (የስልክዎን ኢንተርኔት በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያዞር አፕ) የሚያደናቅፈውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ስልክዎ ከሌላ ቦታ የመጣ ስለሚመስል ሰርቨሩ አይቀበለውም። ማስታወቂያ የሚያግዱ አፖችም በቪፒኤን ዘዴ የሚሠሩ ስላሉ እነርሱንም ያጥፉ።

የዳታ ወጪ ለመቀነስ ሲሉ ሞባይል ዳታን ዘግተው የሚኖሩ ከሆነ፣ በአዳዲሶቹ አንድሮይድ ስልኮች የሲም ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ተዘግቶም ኤምኤምኤስ እንዲያልፍ የሚፈቅድ ቁልፍ አለ፤ እርሱን ማብራት ይሻላል። «ዳታ ሴቨር» ወይም ወርኃዊ የዳታ ገደብ በርቶ እንደሆነም ይመልከቱ።

ደረጃ 4፦ የመልእክት አፑን ሴቲንግ ያስተካክሉ

በአይፎን ሴቲንግ ውስጥ «ሜሴጅስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ በአዲሶቹ ሥሪቶች «አፕስ» በሚለው ሥር ይገኛል። «ኤምኤምኤስ ሜሴጂንግ» እና «ግሩፕ ሜሴጂንግ» ሁለቱም መብራት አለባቸው። «ኤምኤምኤስ ሜሴጂንግ» የሚለው ጭራሽ ካልታየ ኩባንያው ለስልኩ የሚልከው ሴቲንግ አልደረሰ ይሆናል፤ «ጀነራል» ውስጥ «አባውት» የሚለውን ከፍተው ጥቂት ይጠብቁ፣ ዝመና ካለ ራሱ ይጠይቅዎታል።

በአንድሮይድ የጉግልን የመልእክት አፕ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ከላይ ያለውን የመገለጫ ምስል ተጭነው ወደ ሴቲንግ፣ ከዚያም «አድቫንስድ» ወደሚለው ይግቡ። ኤምኤምኤስን በራሱ የሚያወርደው ቁልፍ መብራቱን ይዩ። እዚያው የራስዎ ስልክ ቁጥር በትክክል ተጽፎ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ባዶ ከሆነ ወይም የድሮ ቁጥርዎ ከሆነ በግሩፕ ውስጥ የላኩት መልእክት ለራስዎ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

በመጨረሻም የስልክዎን ማከማቻ ይመልከቱ። ሞልቶ ከሆነ ፎቶው የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም፤ ስልኩም ምክንያቱን ሁልጊዜ አይናገርም።

ደረጃ 5፦ ኤፒኤን ይመርምሩ

ከውጭ የመጣ ወይም ከሌላ ኩባንያ የተዛወረ ስልክ ላይ ጥፋቱ በብዛት የሚገኘው እዚህ ነው። ኤፒኤን ስልክዎ በየትኛው በር ወደ ዳታ እንደሚገባ የሚነግረው ዝርዝር ነው፤ የኤምኤምኤስሲው አድራሻም የሚጻፈው በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ነው። የዳታው ክፍል ትክክል ሆኖ የኤምኤምኤስ ክፍሉ ባዶ ከሆነ፣ ኢንተርኔት እየሠራ ፎቶ አይገባም።

በአንድሮይድ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ «ሲምስ»፣ ከዚያ ሲምዎን መርጠው ወደታች ሲወርዱ «አክሰስ ፖይንት ኔምስ» የሚለውን ያገኛሉ። በሳምሰንግ «ኮኔክሽንስ» ውስጥ «ሞባይል ኔትወርክስ» በሚለው ሥር ነው። በአይፎን «ሴሉላር» ውስጥ «ሴሉላር ዳታ ኔትወርክ» ይባላል፤ ኩባንያው ከደበቀው አይታይም፤ ያ ከሆነ እርስዎ የሚሞሉት ነገር የለም።

የሚታየውን ሁሉ መጀመሪያ በወረቀት ይመዝግቡ ወይም የስክሪን ፎቶ ያንሱ። ከዚያ ከኩባንያዎ ገጽ ካለው ዝርዝር ጋር መስመር በመስመር ያስተያዩ። በተለይ አምስት መስመሮችን ልብ ይበሉ፦ የኤፒኤኑ ስም፣ ኤምኤምኤስሲ፣ የኤምኤምኤስ ፕሮክሲ፣ የኤምኤምኤስ ፖርት እና የኤፒኤን ዓይነት። በኤፒኤን ዓይነት መስመር ላይ «ኤምኤምኤስ» የሚለው ቃል ከሌሎቹ ጋር በነጠላ ሰረዝ ተለይቶ መኖር አለበት፤ ከሌለ ስልኩ ይህ በር ለፎቶ እንደሚያገለግል አያውቅም። ፕሮክሲና ፖርት ባዶ እንዲሆኑ የሚፈልጉ ኩባንያዎች አሉ፤ በዝርዝሩ ላይ ካልተጻፈ ባዶውን ይተዉት።

ዝርዝሩን ከየት እንደሚወስዱ ይጠንቀቁ። በአሜሪካ በርካታ አነስተኛ ሻጮች የቲ-ሞባይልን፣ የኤቲ ኤንድ ቲን ወይም የቬራይዘንን ኔትወርክ ተከራይተው ይሠራሉ። ኔትወርኩ አንድ ቢሆንም የኤፒኤኑ ዝርዝር ሊለይ ስለሚችል፣ መከተል ያለብዎት ወርኃዊ ክፍያ የሚከፍሉትን ሻጭ ዝርዝር እንጂ የኔትወርኩን ባለቤት አይደለም።

ያለውን ኤፒኤን ከማረም ይልቅ በመደመር ምልክቱ አዲስ ከፍቶ መሙላት ይሻላል፤ ካልሠራ ወደ ነባሩ ለመመለስ ቀላል ነውና። ሞልተው ሲጨርሱ በሦስቱ ነጥቦች ውስጥ ያለውን «ሴቭ» ይጫኑ፤ ሳይጫኑ ወደ ኋላ ከተመለሱ የጻፉት ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ ከአዲሱ ኤፒኤን ጎን ያለችውን ክብ ይምረጡ። ማስቀመጥ ብቻውን አያሠራውም፤ መመረጥም አለበት።

ደረጃ 6፦ ስልኩን ያስነሡና በትንሽ ፎቶ ይሞክሩ

ስልኩን አጥፍተው ያብሩት፤ አዲሱ ኤፒኤን ሥራ ላይ መዋሉን የምናረጋግጠው ከኔትወርኩ ወጥቶ እንደገና ሲገባ ነው። ከዚያ ያዘጋጁትን ትንሽ ፎቶ ወደ ራስዎ ቁጥር ይላኩ። በአንድሮይድ ይህ ሙከራ መላኩንም መቀበሉንም በአንድ ጊዜ ያሳያል፦ ከሄደ የመጀመሪያው እርከን፣ ተመልሶ ከተከፈተ ሦስተኛው እርከን ደህና ነው። በአይፎን ወደ ራስ መላክ በአይሜሴጅ ስለሚያልፍ ለሙከራው አይሆንም፤ አንድሮይድ ላለው ተባባሪ ይላኩ፣ እርሱም ይመልስልዎ፤ አርሲኤስ በርቶ ከሆነ ለሙከራው ያጥፉት።

ደረጃ 7፦ የፎቶውንና የቪዲዮውን መጠን ይቀንሱ

ትንሹ ፎቶ ሄዶ ከካሜራ የተነሣው ካልሄደ ጉዳዩ መጠን ነው። በኤምኤምኤስ የሚፈቀደው መጠን ከኩባንያ ኩባንያ ቢለያይም ብዙ ጊዜ ከ300 ኪሎባይት እስከ 1 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ የዛሬ ስልክ የሚያነሣው አንድ ፎቶ ግን ከ2 እስከ 5 ሜጋባይት ይደርሳል። ስልኩ ራሱ ጨምቆ ያሳንሰዋል፤ ሰርቨሩም ተቀባዩ ስልክ እንዲችለው አድርጎ ደግሞ ሊያሳንሰው ይችላል። ሰነድ በቴክስት ሲላክ ጽሑፉ የማይነበብ ሆኖ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ቪዲዮ ላይ ጉዳቱ ይብሳል፤ የአንድ ደቂቃ የሠርግ ጭፈራ 1 ሜጋባይት ውስጥ ሲገባ ሙሽሪትንና ሚዜዋን መለየት ያስቸግራል። ጥራቱ አስፈላጊ ከሆነ በኢሜይል ወይም በሊንክ ይላኩ።

ደረጃ 8፦ የግሩፕ መልእክት

በአንድሮይድ ሴቲንግ ላይ ለግሩፕ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል ኤስኤምኤስ ይልካል፤ መልስ ሲሰጡ የሚያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሌላው በግሩፕ ኤምኤምኤስ ይልካል፤ ሁሉም የሁሉንም መልስ ያያል። የእድር ወይም የማኅበር ማስታወቂያ ላይ መልሱ እንዳይንጫጫ ከፈለጉ የመጀመሪያው፣ ውይይት ከፈለጉ ሁለተኛው ይሻላል። በአንድ ክር የሚፈቀደው የሰው ቁጥር የተወሰነ ነው፤ 10 ወይም 20 ላይ የሚያቆሙ ኩባንያዎች አሉ። ወጪውም እንደ አንድ መልእክት ሳይሆን በተቀባይ ቁጥር ሊታሰብ ስለሚችል፣ ያልተገደበ ቴክስት የሌለው ፕላን ላይ ካሉ አስቀድመው ይጠይቁ።

ደረጃ 9፦ ለኩባንያው ይደውሉ

እዚህ ከደረሱ በሌላ ስልክ ይደውሉ፤ በመስመር ላይ ሆነው የተበላሸውን ስልክ መሞከር እንዲችሉ ነው። «ፎቶ አይሠራም» ማለት ብቻ አይበቃም። የሚከተሉትን ለይተው ይጠይቁ፦ በመስመሬ ላይ ኤምኤምኤስ ተከፍቷል ወይ? በሒሳቤ ላይ ኤምኤምኤስን የሚያግድ ነገር አለ ወይ? ቁጥሬን ያዛወርኩት በዚህ ቀን ነው፤ ዝውውሩ ለቴክስትና ለፎቶም ተጠናቋል ወይ? ስልኬ በአይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ) ቁጥሩ ሲታይ በእናንተ ኔትወርክ ይደገፋል ወይ? በደረጃ 1 ያገኙትን ውጤት፣ ማለትም ከየትኛው ኩባንያ የተላከ እንደሚገባና ከየትኛው እንደማይገባ፣ ቢነግሯቸው «ስልክዎን አጥፍተው ያብሩ» ከሚለው የመጀመሪያ መልስ በፍጥነት ይሻገራሉ።

ማስጠንቀቂያዎች

*የማያውቁትን ፎቶ አይክፈቱ።* እ.ኤ.አ. በ2015 «ስቴጅፍራይት» የተባለ የአንድሮይድ ክፍተት ይፋ ሲሆን፣ ተንኮል ያዘለ ኤምኤምኤስ በራሱ ሲወርድ ብቻ ስልኩን ሊያጠቃ እንደሚችል ታይቷል። ክፍተቱ ቢደፈንም ዝመና የማያገኝ አሮጌ ስልክ የሚጠቀሙ ከሆነ በራሱ የሚያወርደውን ቁልፍ አጥፍተው፣ ከሚያውቁት ሰው የመጣውን ብቻ በእጅዎ ያውርዱ።

*«ፎቶ ተልኮልዎታል፣ ይህን ይጫኑ» የሚል ሊንክ።* ከላይ እንደተባለው እውነተኛው ሰርቨርም አንዳንዴ ሊንክ ይልካል፤ አጭበርባሪዎች የሚጠቀሙበትም ይህንኑ ነው። ሊንኩን ሳይጫኑ ላኪ ነው ለተባለው ሰው ይደውሉ። የይለፍ ቃል ወይም የባንክ ካርድ የሚጠይቅ ገጽ ከተከፈተ ወዲያው ይዝጉት።

*ምስጢራዊ ሰነድ።* ኤምኤምኤስ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ ጥቅሉ በሰርቨር ላይ ይቆያል። የፓስፖርት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድና የቼክ ፎቶ በዚህ መንገድ አይላኩ።

*ሮሚንግ።* ለጉብኝት አዲስ አበባ ሲሄዱ የአሜሪካ ሲምዎን በስልኩ ውስጥ ከተዉ፣ በሮሚንግ ጊዜ ኤምኤምኤስ በራሱ የሚያወርደውን ቁልፍ ያጥፉ፤ አንዲት ፎቶ የማይጠበቅ ሒሳብ ልታመጣ ትችላለች። ዳታውን በኢትዮጵያ ሲም ላይ አድርገው የአሜሪካው ለጥሪ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ወደ አሜሪካ ቁጥርዎ የተላኩ ፎቶዎች አብዛኛውን ጊዜ አይወርዱም፤ ኤምኤምኤስ የሚወርደው በተላከበት ሲም ዳታ ነውና። ከመሄድዎ በፊት ላኪዎችዎን በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም እንዲልኩ ያሳስቧቸው።

የሚዘወተሩ ስሕተቶች

- ኤፒኤን ሲገለብጡ መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ መተው። በዓይን አይታይም፤ አድራሻውን ግን የተሳሳተ ያደርገዋል። የስልኩ ኪቦርድ የመጀመሪያውን ፊደል በራሱ ትልቅ ማድረጉንም ይዩ።
- በኤፒኤን ዓይነት መስመር ላይ ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ክፍት ቦታ ማስገባት።
- ኤምሲሲና ኤምኤንሲ የሚባሉትን ቁጥሮች መቀየር። እነዚህ አገሩንና ኩባንያውን የሚያመለክቱ ናቸው፤ ከሲሙ ጋር ካልተስማሙ ያስቀመጡት ኤፒኤን ከዝርዝሩ ይሰወራል። ሰዎች «ሴቭ አላደረገልኝም» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህ ሲደርስባቸው ነው።
- የኤምኤምኤስሲ አድራሻ መጀመሪያ ላይ ኩባንያው ያልጻፈውን «ኤስ» መጨመር (http የሚለውን https ማድረግ)። ድረ ገጽ ላይ የለመድነው ጥንቃቄ እዚህ ግንኙነቱን ያቋርጠዋል፤ እንደተጻፈው ይቅዱት።
- «ሪሴት ኔትወርክ ሴቲንግ» ላይ መቸኮል። የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችን፣ በብዙ ስልኮችም የብሉቱዝ ትስስሮችን ይሰርዛል፤ በእጅ የሞሉትንም ኤፒኤን እንዲሁ። ከደረጃ 5 በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይሞክሩት።
- ከአይፎን ወደ አንድሮይድ ሲዛወሩ አይሜሴጅን ሳያጠፉ ሲሙን ማውጣት። አይፎን ያላቸው ወዳጆችዎ የሚልኩት አሁንም ወደ አፕል ሊሄድና እርስዎ ጋር ላይደርስ ይችላል። የድሮው ስልክ በእጅዎ ካለ ሲሙን መልሰው አይሜሴጅን ያጥፉ፤ ከሌለ አፕል ቁጥርን ከአይሜሴጅ የሚያስወጣበት ገጽ አለው።
- በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ስልክ ቁጥር ኤምኤምኤስ መላክ። በአገሮች መካከል ፎቶው የሚያልፈው ሁለቱ ኩባንያዎች ለኤምኤምኤስ ከተስማሙ ብቻ ነው፤ ካልተስማሙ ፎቶው መንገድ ላይ ሊቀር፣ እርስዎም የውጭ መልእክት ዋጋ ሊታሰብብዎ ይችላል። ስልክዎ «ተልኳል» ቢልም ጥቅሉ የራስዎን ኩባንያ ሰርቨር መድረሱን እንጂ ተቀባዩን ማግኘቱን አያረጋግጥም፤ ለአገር ቤት ፎቶ ሲልኩ ተቀባዩ በሚጠቀምበት ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ ይላኩ።